የእሽቅድምድም መኪና መቀመጫና የአሽከርካሪው ሰውነት

ለእሽቅድምድም መኪና መቀመጫ ሲመረጥ የሱሪ ቁጥርን መነሻ አድርጎ ሰፋ ያለውን መግዛትና ክፍተቱን በስፖንጅ መሙላት ይበቃል የሚለው አስተሳሰብ እየተስፋፋ በመሆኑ ሊታረም ይገባል። መቀመጫውን የሚወስነው የወገብ ዙሪያ ሳይሆን የዳሌ ስፋት ነው፤ ይህም አሽከርካሪው ወንበር ላይ ተቀምጦ በግራና በቀኝ ዳሌው ሁለት መጻሕፍት ከተጠጉ በኋላ በመካከላቸው ያለው ቀጥተኛ ርቀት ነው።

ከፋይበርግላስ ወይም ከካርቦን ፋይበር የሚሠራው ጠንካራ የመቀመጫ አካል ዳሌንና ጎንን በሚገባ ካልያዘ፣ አሽከርካሪው በኩርባ ላይ ሰውነቱን በመሪው ለመደገፍ ይገደዳል፤ ወፍራም ለስላሳ ስፖንጅ ደግሞ በግጭት ኃይል ስለሚጨመቅ ቀበቶው እንዲላላ ያደርጋል። በፎርሙላ 1 መቀመጫው በእያንዳንዱ አሽከርካሪ ሰውነት ቅርጽ የሚቀረጸውም ያለ ምክንያት አይደለም።

ከሁሉ ይልቅ ችላ የሚባለው የቀበቶ ቀዳዳዎች ከፍታ ነው። የትከሻ ቀበቶ የሚያልፍባቸው ቀዳዳዎች ከትከሻው እጅግ ዝቅ ካሉ፣ ቀበቶው በግጭት ጊዜ አከርካሪን ወደ ታች ስለሚጫን ከባድ ጉዳት ሊያስከትል ይችላል። የወገቡ ቀበቶም ሆድ ላይ ሳይሆን ዳሌ አጥንት ላይ ማረፍ አለበት።

ስለዚህ ልኬቱ የእሽቅድምድም ልብስና የራስ ቁር ተደርጎ፣ መሪ ተይዞና ፔዳል ተረግጦ ይፈተሻል። በዓለም አቀፉ የአውቶሞቢል ፌዴሬሽን 8855-1999 ደረጃ የጸደቀ መቀመጫ፣ አምራቹ ካላራዘመው በቀር፣ የአገልግሎት ዘመኑ ከተመረተበት ጊዜ ጀምሮ 5 ዓመት በመሆኑ ያገለገለ የሚገዛ ሰው መለያውን አስቀድሞ ማንበብ ይኖርበታል።

ጥያቄ ያለው አንባቢ የዳሌውንና የትከሻውን ልክ ጨምሮ ቢጽፍ ምላሽ ይሰጠዋል።