10 ዩኒት ስንት ነው?

ንፋስ ስልክ ላፍቶ፣ ጀሞ ኮንዶሚኒየም የምትኖር ሴት ሜሪላንድ ላለች እህቷ ደውላ «ስትመጪ ያንን የሚያከሳውን መርፌ ያዢልኝ» አለቻት እንበል። እህትየው ፊት ሁለት ዕቃ አለ። አንዱ የዴንማርኩ ኖቮ ኖርዲስክ የሚያመርተው፣ ዌጎቪ የተባለው ሴማግሉታይድ ነው፤ መጠኑ ተለክቶ በፔን የገባ፣ አሜሪካ ውስጥ ለዓመታት በወር 1,349 ዶላር የተተመነ። ሌላው ፋርማሲ የቀመመው ሴማግሉታይድ ነው፤ በብልቃጥ ይመጣል፣ በብዙ ቦታም ከ300 ዶላር በታች ይሸጥ ነበር።

ሴማግሉታይድ የሚመስለው ስንበላ አንጀታችን የሚያመነጨውን ጂኤልፒ-1 የተባለ ሆርሞን ነው። የተፈጥሮው በደቂቃዎች ይፈርሳል፤ ይህኛው ግን ግማሹ ከሰውነት እስኪወጣ ሳምንት ገደማ ይቆያል። ጨጓራን ያዘገያል፣ አንጎልን «በቃኝ» ያሰኛል። እ.ኤ.አ. በ2021 በታተመ ጥናት ተጠቃሚዎቹ በ68 ሳምንት በአማካይ 14.9 በመቶ ክብደታቸውን ቀንሰዋል። ታዲያ የጀመሩት በሳምንት ከ0.25 ሚሊግራም ነው፤ 2.4 የደረሱትም በወራት፣ ቀስ በቀስ።

ብልቃጡን የምፈራው ለዚህ ነው። የኢንሱሊን ሲሪንጅ አንዱን ሚሊሊትር 100 ዩኒት ብሎ ይከፍለዋል። በሚሊሊትር 2.5 ሚሊግራም ካለው ብልቃጥ 10 ዩኒት ቢቀዳ 0.25 ሚሊግራም፣ ልኩ መነሻ ነው። 5 ሚሊግራም ካለው ሲቀዳ ያው 10 ዩኒት እጥፍ ይሆናል። ተሳስቶ ሲሪንጁን እስከ አፉ የሞላ ሰው ደግሞ ከመጀመሪያው ብልቃጥ እንኳ አሥር እጥፍ ይወጋል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2024 ከታዘዘው ከ5 እስከ 20 እጥፍ የወሰዱ፣ ሆስፒታል የገቡም እንዳሉ አስጠንቅቋል።

ቅመማ ነውር አይደለም። ክኒን መዋጥ ለማይችል ሕፃን ሽሮፕ የሚዘጋጀው በዚሁ ሙያ ነው። አሜሪካም ለሴማግሉታይድ በሩን የከፈተችው ዋናው ገበያ ላይ ስላጠረ ነበር፤ በየካቲት 2025 (እ.ኤ.አ.) እጥረቱ አብቅቷል ተብሎ በሩ ጠበበ። ሆኖም የተቀመመውን ገበያ ከመውጣቱ በፊት ማንም ተቆጣጣሪ አይመረምረውም።

የታወቀ ስምም ቢሆን ብቻውን አያስተማምንም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በሰኔ 2024 በብራዚል፣ በእንግሊዝና በአሜሪካ ስለተገኘ ሐሰተኛ ኦዜምፒክ (ሌላው የሴማግሉታይድ የንግድ ስም) ማንቂያ አውጥቷል። አገር ቤትም መድኃኒት የሚመዘግበው የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነው፤ በሻንጣ የገባውን ግን ማን አየው?

ደግሞ ብዙ ሰው የሚሰጋው መብራት ሲጠፋ ነው። ያልተከፈተ ዌጎቪ ግን ከ30 ዲግሪ ካላለፈ ከፍሪጅ ውጭ እስከ 28 ቀን ይቆያል። የሚያበላሸው በረዶ ነው፤ አንዴ ከረጋ ይጣላል። የተቀመመው ስንት ቀን እንደሚቆይ የሚነግረን የቀማሚው ወረቀት ብቻ ነው፤ ሻንጣው ሲፈታ መጀመሪያ የሚፈለገውም እሱ ነው፤ በሚሊሊትር ስንት ሚሊግራም እንዳለ የተጻፈበት።