ወርቅና ሴራሚክ በእጅ ሰዓት ንግድ

የሐዋሳ ነጋዴ ለወርቅ ባዕድ አይደለም። ከከተማይቱ በስተ ደቡብ በጉጂ ምድር የሚገኙት አዶላና ሻኪሶ በወርቃቸው የታወቁ ናቸው። ይሁን እንጂ በእጅ ሰዓት መልክ ተሠርቶ ከውጭ አገር የሚመጣው ወርቅ የራሱን ዕውቀት ይጠይቃል፤ ይህን ዕውቀት ያልያዘ አስመጪም ሆነ ባለሱቅ ገንዘቡንም ስሙንም ሊያጣ ይችላል።

ንጹሕ ወርቅ 24 ካራት ነው። ነገር ግን ለስላሳ በመሆኑ ለሰዓት ቀፎ ብቻውን አይሆንም፤ ስለዚህ ከብርና ከመዳብ ጋር ይቀላቀላል። በከበሩት ሰዓቶች የተለመደው 18 ካራት ሲሆን፣ ይኸውም ከ1,000 እጅ 750ው ወርቅ ነው ማለት ነው። በቀፎው ላይ «750» የሚል ማኅተም የሚታየው ስለዚህ ነው፤ «585» 14 ካራትን፣ «375» ደግሞ 9 ካራትን ያመለክታል።

ወርቅ ቅብ ሰዓት ከዚህ ይለያል። በቅኔ ሰሙ ከላይ፣ ወርቁ ከሥር ነው፤ በዚህ ግን ወርቁ ከላይ፣ ናሱ ወይም ብረቱ ከሥር ነው። የቅቡ ውፍረት የሚለካው በማይክሮን ነው፤ አንድ ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺኛ ነው። ቀጭን ቅብ በላብና በፍትጊያ ከጠርዞቹ ጀምሮ ይለቃል።

ሴራሚክ ሲባል ጀበናና ገንቦ የሚታሰበው ሰው ይኖራል። ለሰዓት የሚውለው ግን ከዚርኮኒየም ኦክሳይድ ዱቄት የሚሠራ ነው። ዱቄቱ በቅርጽ ተጨምቆ ከ1,400 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚበልጥ ሙቀት ይተኮሳል፤ ከዚያም በአልማዝ ይሞረዳል። የስዊስ ፋብሪካዎች ራዶና አይ.ደብልዩ.ሲ. እ.ኤ.አ. በ1986 የሴራሚክ ሰዓት ለገበያ አቅርበዋል። ሴራሚክ ጭረትን እጅግ ይቋቋማል፤ ነገር ግን በጠንካራ ወለል ላይ ቢወድቅ ሊሰበር ይችላል፤ ከተሰበረም አይበየድም፣ በሌላ ይተካል እንጂ። አስመስለው የሚሠሩ ሰዎች በሴራሚክ ፈንታ ጥቁር ቅብ ብረት ያቀርባሉ፤ ቅቡ ሲፋቅ ብረቱ ይታያል።

ባለሱቅ በማግኔት ብቻ ሊተማመን አይገባውም። ወርቅ በማግኔት አይሳብም፤ ናስም አይሳብም። ክብደት የተሻለ ምስክር ነው፤ መጠናቸው እኩል ቢሆን 18 ካራት ወርቅ ከብረት ሁለት እጥፍ ያህል ይከብዳል፣ ሴራሚክ ግን ከብረት ይቀላል። ማኅተምም ሊጭበረበር ስለሚችል፣ የመጨረሻው ፍርድ የወርቅ አንጥረኛው የመፈተኛ ድንጋይና አሲድ ነው።

የሰዓት ዋጋ ግን በወርቁ ሚዛን ብቻ አይወሰንም። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የነበረው የወርቅ ፓቴክ ፊሊፕ ሰዓት እ.ኤ.አ. በ2017 በጄኔቭ በጨረታ ከ2.8 ሚሊዮን የስዊስ ፍራንክ በላይ ተሽጧል። ይህን ያህል ገንዘብ ያወጣው የወርቁ ክብደት ሳይሆን የሠሪው ስምና የባለቤቱ ታሪክ ነው። በገበያ «ፎርጅድ» የሚባለው ዕቃ የሚሰርቀውም ይህንኑ ስም ነው። በ1998 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ምልክት ምዝገባና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 501 የተመዘገበን ምልክት ከዚህ ዓይነቱ ድርጊት ለመጠበቅ የተደነገገ ነው።

ወርቅ ቅብን ወርቅ ቅብ ብሎ መሸጥ ነውር የለበትም፤ አቅሙ ለዚያ የሚፈቅድለት ገዢም ብዙ ነው። ስለ ሆነም አስመጪው የካራቱን ልክና የቅቡን ውፍረት ከላኪው በጽሑፍ ይጠይቅ፤ ባለሱቁም የዕቃውን ዓይነት በደረሰኙ ላይ በግልጽ ያስፍር። በሐዋሳ ገበያ ዛሬ የተታለለ ደንበኛ ነገ ከጎረቤቱ ሱቅ ይገዛል።