ከገፈርሳ ዐለት በታች ጋዝ ለማከማቸት ይቻላልን?

መቶ ኪሎ ንጹሕ የኖራ ድንጋይ በምድጃ ውስጥ በሚቃጠልበት ጊዜ የሚገኘው ኖራ 56 ኪሎ ብቻ ነው። የቀረው 44 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወደሚባለው ጋዝ ተለውጦ በጭስ ማውጫው በኩል ወደ ሰማይ ይወጣል። እንግዲህ የሲሚንቶ ፋብሪካ ከሰሉን ትቶ በሌላ ኃይል ቢሠራ እንኳ ከማገዶው የሚመጣውን ጋዝ ይቀንስ ይሆናል እንጂ ከድንጋዩ ከራሱ የሚወጣውን ለማስቀረት አይችልም። እያንዳንዳቸው በዓመት 2.5 ሚሊዮን ቶን ሲሚንቶ እንዲያመርቱ የታቀዱት የደርባና በሙገር ያለው የዳንጎቴ ፋብሪካ በሙሉ ኃይላቸው ቢሠሩ፣ ከየአንዳንዳቸው በየዓመቱ ከአንድ ሚሊዮን ቶን በላይ ጋዝ እንደሚወጣ በዚሁ ስሌት ለመረዳት ይቻላል።

ነገሩ ለሊቃውንት ብቻ የሚተው አይደለም፤ የገንዘብም ጉዳይ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ኖርዌይ በ1991 በካርቦን ላይ ግብር ስለ ጣለች፣ በሰሜን ባሕር ስላይፕነር በተባለው ሥፍራ ከተፈጥሮ ጋዝ ጋራ ተደባልቆ የሚወጣውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየለዩ ከባሕሩ ወለል በታች ባለው የአሸዋ ድንጋይ ውስጥ መልሶ ማስገባት ግብሩን ከመክፈል የተሻለ ሆኖ ተገኘ። ሥራው በ1996 ተጀምሮ በዓመት አንድ ሚሊዮን ቶን ያህል ሲያስገባ ቆይቷል። የአውሮፓ ኅብረትም ከ2026 መጀመሪያ አንሥቶ ከውጭ በሚገቡ ሲሚንቶ፣ ብረት፣ አሉሚንየምና ማዳበሪያ ላይ የካርቦን ክፍያ እንዲታሰብ ደንግጓል። ሲሚንቶአችን ዛሬ ወደ አውሮፓ የሚላክ ሸቀጥ ባይሆንም፣ ገንዘብ የሚያበድሩትና መሣሪያ የሚሸጡልን ሰዎች ይህንኑ ሒሳብ ይዘው መምጣታቸው የማይቀር ይመስለናል። ስለዚህም ዐለት እንዴት እንደሚመረመር ነጋዴው በጥቂቱም ቢሆን ማወቁ ይጠቅመዋል።

እህሉን በጉድጓድ የሚያስቀምጥ ገበሬ አስቀድሞ መሬቱን ይመረምራል። ውኃ የሚያዥ እንዳይሆን፣ ግድግዳው እንዳይናድ፣ አፉም ተመርጎ በሚገባ የሚዘጋ እንዲሆን ይጠነቀቃል። ጋዝ የሚያስቀምጠው መሐንዲስ የሚጠይቀውም ከዚህ ብዙ የራቀ አይደለም። ልዩነቱ የጋዙ ጎተራ ባዶ ዋሻ አለመሆኑ ነው። ጋዙ የሚገባው በድንጋዩ ቅንጣቶች መካከል ባሉት ጥቃቅን ቀዳዳዎች ውስጥ ነው። ቀዳዳዎቹም መብዛታቸው ብቻ አይበቃም፤ ጋዙ ከአንዱ ወደ ሌላው እንዲያልፍ እርስ በርሳቸው የተገናኙ መሆን አለባቸው። በአልጀርያ በረሃ በኢን ሳላሕ ከ2004 እስከ 2011 ድረስ 3.8 ሚሊዮን ቶን ያህል ጋዝ ወደ አሸዋ ድንጋይ ገብቶ ነበር። ነገር ግን ድንጋዩ ጋዙን በቀላሉ የማያሳልፍ ስለ ነበረ ግፊቱ እየጨመረ ሄደ፤ የምድሩም ገጽ በጥቂት ሚሊሜትር ከፍ ማለቱ በሳተላይት ታየ። ከላይ ያለው ክዳን ድንጋይ እንዳይሰነጠቅ ስለ ተሠጋም ማስገባቱ በ2011 ቆመ።

ሁለተኛው ጥያቄ የጥልቀት ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ31 ዲግሪ ሙቀትና ከ74 ባር ግፊት በላይ ሲደርስ እንደ ፈሳሽ ይከብዳል፤ በምድር ገጽ ከሚይዘው ቦታም ከሦስት መቶ አንዱን እጅ ያህል ብቻ ይይዛል። ይህንን ግፊት ለማግኘት በተለመደው አነጋገር 800 ሜትር መውረድ ያስፈልጋል ይባላል። ሆኖም አንድ የሚዘነጋ ነገር አለ። ግፊቱን የሚሰጠው በዐለቱ ውስጥ የሞላው ውኃ ስለ ሆነ፣ 800 ሜትሩ የሚቆጠረው ከሣሩ ሳይሆን ከከርሰ ምድር ውኃው ወለል ነው። ገደል በበዛበት እንደ ሙገር ባለ አገር ውኃው ወደ ሸለቆው እየፈሰሰ ወለሉ በጣም ዝቅ ሊል ስለሚችል፣ ጉድጓዱም በዚያው ልክ ይጠልቃል፤ ወጪውም እንዲሁ።

ስለ ሙገር ካነሣን ዘንድ፣ ሸለቆው ለምርመራ የተመቸ የተከፈተ መጽሐፍ መሆኑን መናገር ተገቢ ነው። ከላይ የእሳተ ገሞራው ጥቁር ድንጋይ፣ ከዚያ በታች አሸዋ ድንጋይ፣ ቀጥሎ ሲሚንቶ የሚሠራበት የኖራ ድንጋይ ይታያል። በዓባይ በረሃ በጎሐ ፅዮን በኩል ደግሞ ከኖራው ሥር የጂፕሰምና የጭቃ ድንጋይ፣ ከእነርሱም በታች የአዲግራት አሸዋ ድንጋይ የሚባለው ይገኛል። ቀዳዳ ያለው አሸዋ ድንጋይ ከታች፣ ጋዝ የማያሳልፍ ጂፕሰም ከላይ መሆኑ ሲታይ ለማከማቻ የተዘጋጀ ይመስላል። ችግሩ ወንዞቹ ይህንኑ ጎተራ ጎኑን ቀደው ማለፋቸው ነው። አሸዋ ድንጋዩ በገደሉ ላይ ወደ ውጭ ብቅ ካለ፣ ከዚያ አጠገብ የገባ ጋዝ መውጫ አያጣም። የዚሁ ዐይነት ዐለት በኦጋዴን ግን በጥልቀት ተቀብሮ ይገኛል። በ1973 በካሉብ የተገኘው የተፈጥሮ ጋዝ ክዳኑ ለረዥም ዘመን ሳያፈስ መቆየቱን ይመሰክራል። ከሙገር እስከ ካሉብ ቧንቧ ለመዘርጋት ምን ያህል ገንዘብ እንደሚጠይቅ መገመትን ለአንባቢው እንተወዋለን።

ወደ ገፈርሳ እንመለስ። ከአዲስ አበባ በአምቦ መንገድ 18 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘው ይህ ሥፍራ፣ እንደ አካባቢው ሁሉ፣ በእሳተ ገሞራ ድንጋይ ላይ የተቀመጠ ነው። ባዛልት የሚባለው ጥቁር ድንጋይ በቅርብ ጊዜ የሊቃውንትን ዐይን የሳበበት ምክንያት አለ። ጋዙ በውኃ ሲሟሟ እንደ አምቦ ውኃ ቀለል ያለ አሲድ ይሆናል። ይህም አሲድ ከባዛልቱ ካልሲየም፣ ማግኒዥየምና ብረት ያሟሟና ከእነርሱ ጋራ ተዋሕዶ ተመልሶ ድንጋይ ይሆናል። ከምድጃው የወጣው ጋዝ እንደገና ወደ ኖራ ድንጋይነት ተመለሰ ማለት ነው። በአይስላንድ በሄትሊስሄይዲ አጠገብ ካርብፊክስ በተባለው ሙከራ በ2012 ከገባው ጋዝ ከመቶ 95 እጅ በላይ የሚሆነው ከሁለት ዓመት ባነሰ ጊዜ ውስጥ ድንጋይ መሆኑ በ2016 ተገልጧል። በአሜሪካም በዋሺንግተን ክፍለ ግዛት በዋሉላ በ2013 አንድ ሺህ ቶን የሚያህል ጋዝ በባዛልት ውስጥ ገብቶ፣ በኋላ በተቆረጠው የድንጋይ ናሙና ላይ አዲስ የካርቦኔት ማዕድን ታይቷል።

ነገር ግን ጥቁር የሆነ ሁሉ ባዛልት አይደለም፤ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ሁሉም እኩል አይጠቅምም። ከገፈርሳ በስተ ደቡብ የቆመው የወጨጫ ተራራና በስተ ምሥራቅ ያለው የእንጦጦ ሰንሰለት በአብዛኛው ትራካይትና የመሳሰለው፣ ካልሲየምና ማግኒዥየም ያነሰው ድንጋይ ናቸው። እንዲህ ያለው ድንጋይ ጋዙን ወደ ድንጋይነት ለመለወጥ አይረዳም። ዕድሜው የበዛ ባዛልትም ቀዳዳዎቹ በሸክላና በሌላ ማዕድን ተደፍነው ሊገኙ ይችላሉ፤ የአይስላንዱ ግን ገና ወጣት ነው። ይህንን ለይቶ የሚያሳውቀው መሰርሰሪያ የሚያወጣው የድንጋይ ናሙና ብቻ ነው።

ከሁሉ የሚከብደው የውኃው ጉዳይ ነው። በአይስላንድ ዘዴ አንድ ቶን ጋዝ ለማሟሟት 25 ቶን ያህል ውኃ ያስፈልጋል። ለአንድ ሚሊዮን ቶን ጋዝ 25 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ ይጠይቃል ማለት ነው። የገፈርሳ የውኃ ማጣሪያ በቀን 30,000 ሜትር ኩብ ያህል ስለሚሰጥ፣ በዓመት 11 ሚሊዮን ሜትር ኩብ አካባቢ ይሆናል። እንግዲህ የአንድ ፋብሪካ ጋዝ ብቻ ገፈርሳ ለአዲስ አበባ በዓመት ከምትሰጠው ውኃ ከሁለት እጥፍ በላይ ሊጠጣ ነው። እርግጥ ውኃው ከራሱ ከዐለቱ ተስቦ ተመልሶ ሊገባ ይችላል፤ በዋሉላም ያለ ውኃ ተሞክሯል። ቢሆንም ዛሬ በሸገር ከተማ በተጠቃለሉት በቡራዩ፣ በሰበታና በሱሉልታ ውኃ በጠርሙስ የሚያሽጉትና ቢራ የሚጠምቁት ፋብሪካዎች የሚስቡት ከዚሁ ከርሰ ምድር ነው። አሲድ የገባበት ውኃ ከድንጋዩ ብረትና ሌላ ማዕድን ያሟሟል፤ ወደ መጠጥ ውኃው ንብርብር ቢያመልጥ ጉዳቱ በቀላሉ የሚታረም አይሆንም።

የማምለጫውም መንገድ አለ። ከአዲስ አበባ ወደ አምቦ የሚዘልቀው የመሬት ስንጥቅ መስመር በዚሁ አካባቢ ያልፋል። አምቦ ላይ ከመሬት እየፈላ የሚወጣው ጋዝም ራሱ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፤ በጠርሙስ ገብቶ በየጠረጴዛው ይቀርባል። ጋዝ በስንጥቅ በኩል ከጥልቅ ወደ ላይ እንደሚወጣ ከዚህ የበለጠ ምስክር አያሻም። ጋዙ በመጠኑ ሲሆን ምንም አያደርግም። በብዛት ሲሆን ግን ከአየር ስለሚከብድ በጎድጓዳ ሥፍራ ይተኛል፤ በ1986 በካሜሩን ከኒዮስ ሐይቅ በድንገት ወጥቶ ከ1,700 በላይ ሰዎችን ገድሏል። የኒዮሱ ጋዝ በሐይቅ ውኃ ውስጥ የተጠራቀመ ስለ ነበረ ከዐለት ማከማቻ ጋራ አንድ አይደለም፤ ነገር ግን በጋዝ ማከማቻ አጠገብ የሚኖር ሰው ስለ ስንጥቆች ቢጠይቅ አያስደንቅም።

በመሆኑም የዐለት ምርመራ ሐሳብ ይዞ ለሚመጣ ባለሙያ የሚቀርቡለት ጥያቄዎች ብዙ አይደሉም። ካርታውን የኢትዮጵያ ጂኦሎጂካል ኢንስቲትዩት ካዘጋጃቸው ካርታዎች ጋራ አስተያይቷልን? የድንጋዩን ናሙና ከስንት ሜትር አወጣ? ቀዳዳውንና የማሳለፍ ኃይሉን በየትኛው ላቦራቶሪ አስለካ? ጋዝ ከመግባቱ በፊት በአካባቢው ያሉትን የውኃ ጉድጓዶች ቢያንስ አንድ ክረምትና አንድ በጋ ለክቶ መዝግቧልን? የመጨረሻው ብዙ ጊዜ የሚዘለል ነው። የቀድሞው የውኃ ጠባይ ካልተመዘገበ፣ በኋላ ለውጥ ቢታይ ከጋዙ ይሁን ከሌላ ምክንያት ለይቶ ለመናገር አይቻልም። አንድ ጥልቅ የምርመራ ጉድጓድ መቆፈር እጅግ ውድ ሥራ ሲሆን፣ በአዲስ አበባ ዙሪያ ለመጠጥ ውኃ የተቆፈሩት ጥልቅ ጉድጓዶች መዝገብ ግን ዛሬም ለማንበብ ዝግጁ ነው፤ ሥራውም ከዚያ ቢጀመር ብዙ ገንዘብ አያስወጣም።