ፊልሙ ከፈረደ በኋላ፦ «ስካርፌስ» በተመልካቾቹ ሚዛን

የወሮበላ ፊልም፣ ማለትም በተደራጀ ወንጀል የሚኖር ሰው ከታች ተነሥቶ ሲበለጽግና በመጨረሻም ሲወድቅ የሚያሳየው የሲኒማ ዘርፍ፣ ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ በዋናው ገጸ ባሕርይ ሞት ወይም እስራት ይደመደማል። ይህ መደምደሚያ ፊልሙ በወንጀለኛው ላይ የሚሰጠው ፍርድ ሲሆን፣ ተመልካቹም ይህንኑ ፍርድ ተቀብሎ ከሲኒማ ቤት ይወጣል ተብሎ ይታሰባል። ይሁን እንጂ በአሜሪካ ሁለት ጊዜ፣ በመጀመሪያ በ1932 ቀጥሎም በ1983 (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፣ የተሠራው «ስካርፌስ» ያለፈበት ታሪክ እንደሚያስረዳው፣ የተመልካቹ ችሎት የሚሰየመው ፊልሙ ፍርዱን ካሰማ በኋላ ነው፤ አንዱ ማስጠንቀቂያ ያየበትን ታሪክ ሌላው የስኬት አርአያ፣ ሦስተኛው ደግሞ በወገኑ ላይ የተሰነዘረ ስድብ አድርጎ ይቀበለዋል።

የመጀመሪያው ፊልም የተሠራው አሜሪካ የአልኮል መጠጥን በሕግ ከልክላ በቆየችበት ዘመን፣ ከ1920 እስከ 1933 በዘለቀው እገዳ ማብቂያ ላይ ነው። እገዳው መጠጥን በድብቅ የሚነግዱ ቡድኖችን አበልጽጎ ነበር፤ ከእነዚህም መካከል ስሙ የገነነው የቺካጎው አል ካፖን ፊቱ ላይ በነበረው ጠባሳ ምክንያት «ስካርፌስ» እየተባለ ይጠራ ስለነበር፣ ፊልሙ ስለ ማን እንደሚያወራ ለጊዜው ተመልካች መንገር አላስፈለገም። ፊልሙን ሃዋርድ ሆክስ ሲያዘጋጀው ገንዘቡን ያወጣው ባለጸጋው ሃዋርድ ሂውዝ ነበር፤ ታሪኩን ቀድሞ የቺካጎ ጋዜጠኛ የነበረው ቤን ሄክት ሲጽፍ፣ ቶኒ ካሞንቴ የተባለውን ወሮበላ ፖል ሙኒ ተጫውቶታል።

ቀረጻው በ1931 ቢከናወንም ፊልሙ ለሕዝብ የደረሰው በሚቀጥለው ዓመት ነው፤ ያዘገየውም የፊልም ኩባንያዎች ራሳቸው ያቋቋሙትና በዊል ሄይስ ይመራ የነበረው የሥነ ምግባር ተቆጣጣሪ ቢሮ ነበር። ቢሮው ተመልካቹ ለወሮበላው እንዳያዝን ስለ ሰጋ፣ በርእሱ ላይ «የሀገር ኀፍረት» የሚል ሐረግ እንዲታከል፣ መንግሥትንና ዜጎችን በቸልተኝነት የሚወቅስ ጽሑፍ በመግቢያው እንዲቀመጥ፣ እንዲሁም አንድ የጋዜጣ አሳታሚ ዜጎችን የሚገሥጽበት ትዕይንት እንዲጨመር አደረገ። ቶኒ በፖሊስ ጥይት የሚወድቅበት ፍጻሜም በቂ ቅጣት ሆኖ ስላልታየ፣ ተይዞ፣ ተፈርዶበት፣ ሲሰቀል የሚያሳይ ሌላ ፍጻሜ ተቀረጸ፤ ተዋናዩ ሙኒ በዚህ ቀረጻ ስላልተገኘ ፊቱ በግልጽ በማይታይ ምትክ ሰው ተሠራ። ይህ ሁሉ ድካም የሚያመለክተው ተቆጣጣሪዎቹ ራሳቸው በፊልሙ ፍጻሜ ኃይል እንዳልተማመኑ ነው፤ አንድ ሞት ካላሳመነ ሌላ፣ ይበልጥ ሕጋዊ የሆነ ሞት ያሳምናል ብለው አስበዋልና።

ሥጋቱ ግን ከሳንሱር ቢሮ ብቻ የመጣ አልነበረም። በዚያው ዘመን ፔይን ፈንድ በተባለ ድርጅት ድጋፍ የተካሄዱ ጥናቶች ፊልም በልጆችና በወጣቶች ላይ የሚያሳድረውን ተጽዕኖ የመረመሩ ሲሆን፣ ከተመራማሪዎቹ አንዱ የሆነው ሶሲዮሎጂስቱ ኸርበርት ብሉመር ወጣቶች ስለ ፊልም ልምዳቸው በራሳቸው እጅ የጻፉትን ሰብስቦ ውጤቱን በ1933 አሳተመ። ብሉመር ከፊሊፕ ሃውዘር ጋር ወንጀልን በሚመለከት ባወጣው መጽሐፍ ላይ እንደሚታየው፣ ከወንጀል ጋር ንክኪ የነበራቸው አንዳንድ ወጣቶች ፊልሞቹ በቀላሉ የሚገኝ ገንዘብ እንዳስመኟቸው ሲናገሩ፣ ሌሎች ደግሞ የወሮበላው አወዳደቅ ከመጥፎ መንገድ እንዳራቃቸው መስክረዋል። ከዚህ የተገኘው ቁም ነገር፣ ፊልም በሁሉም ላይ አንድ ዓይነት ሥራ የሚሠራ መድኃኒት ወይም መርዝ አለመሆኑና የሚያስከትለው ውጤት ተመልካቹ በሚኖርበት አካባቢ፣ በሚያውቀው ሕይወትና አስቀድሞ በያዘው አመለካከት የሚወሰን መሆኑ ነው።

ተመልካቹ ወደ ወሮበላው የሚሳብበትን ውስጣዊ ምክንያት ለማብራራት የሞከረው ሐያሲው ሮበርት ዋርሾ ነበር። ዋርሾ በ1948 ባሳተመው ስለ ወሮበላው እንደ ትራጀዲ ጀግና በሚያትት መጣጥፉ ላይ፣ የአሜሪካ ኅብረተሰብ እያንዳንዱ ዜጋ ደስተኛና ስኬታማ እንዲሆን ስለሚጠብቅ፣ ውድቀትን የሚፈራው ተመልካች ይህን በይፋ ሊናገረው የማይችለውን ፍርሃቱን በወሮበላው ላይ ያየዋል ሲል ይሟገታል። ወሮበላው ከሕዝቡ ተለይቶ ለመውጣት ይታገላል፤ ተለይቶ የወጣ ሰው ግን ብቻውን ስለሚቀር ይገደላል፤ በመሆኑም ተመልካቹ ሲወጣ አብሮት ይወጣል፣ ሲወድቅ ደግሞ የወደቀው ሌላ ሰው በመሆኑ እፎይ ይላል። በዚህ አተረጓጎም መሠረት ተመልካቹ ወሮበላውን መውደዱና ቅጣቱን መቀበሉ አይጋጩም፤ ሁለቱም የአንድ ስሜት ገጽታዎች ናቸው።

ግማሽ ምዕተ ዓመት ካለፈ በኋላ ተዋናዩ አል ፓቺኖ፣ ፕሮዲዩሰሩ ማርቲን ብሬግማን፣ ዳይሬክተሩ ብራያን ዴ ፓልማና ጸሐፊው ኦሊቨር ስቶን ታሪኩን ከቺካጎ ወደ ማያሚ፣ ከመጠጥ ንግድ ወደ ኮኬይን ንግድ አዛወሩት። አዲሱ ቶኒ፣ ቶኒ ሞንታና፣ በ1980 ከኩባዋ ማሪየል ወደብ ተነሥተው በጀልባ ፍሎሪዳ ከገቡት 125,000 ያህል ስደተኞች አንዱ ሲሆን፣ ከሳህን አጣቢነት ተነሥቶ የዕፅ ነጋዴዎች አለቃ ይሆናል። ስቶን በራሱ አንደበት እንደተናገረው፣ ጽሑፉን ያዘጋጀው ራሱም የተጠመደበትን የኮኬይን ሱስ ለመተው ወደ ፓሪስ ሄዶ ሳለ ነው፤ ስለዚህ በጸሐፊው በኩል ሥራው ከዕፁ ጋር መፋቻ እንጂ ማወደሻ አልነበረም።

ፊልሙ በታኅሣሥ 1983 ሲወጣ የገጠመው አስተያየት ግን ለሁለት የተከፈለ ነበር። ሐያሲው ሮጀር ኢበርት ሙሉ አራት ኮከብ ሰጥቶ የአንድን ምስኪንና ክፉ ሰው ባሕርይ ከውስጥ ያሳየ ሥራ አድርጎ ሲቀበለው፣ በሐያስያን ዘንድ ከባድ ድምፅ የነበራት ፖሊን ኬል አጣጣለችው፤ የዓመቱን መጥፎ ሥራዎች እየመረጠ የሚያላግጠው የራዚ ሽልማትም ዴ ፓልማን በመጥፎ ዳይሬክተርነት አጨው። በአንጻሩ ፓቺኖ ለጎልደን ግሎብ በምርጥ ተዋናይነት የታጨ ሲሆን፣ ፊልሙ ለኦስካር በአንድም ዘርፍ አልታጨም። ያልወደዱት ተመልካቾች የሚያነሡት ክስ በአብዛኛው ስለ ልክ ማለፍ ነው፤ ወደ ሦስት ሰዓት የሚጠጋው ርዝመቱ፣ ያላባራው ስድብ፣ የፓቺኖ ከፍ ያለ ድምፅና የተጋነነ አነጋገር አታክቷቸዋል። የወደዱት ግን ይህንኑ ልክ ማለፍ የፊልሙ ጉዳይ ራሱ ነው ይላሉ፤ ቶኒ በቃኝን የማያውቅ ሰው በመሆኑ፣ ቤቱም ንግግሩም ፊልሙም በልክ ሊሆኑ አይችሉም።

የጭካኔው መጠንም ሌላ መከራከሪያ ሆነ። የደረጃ መዳቢው አካል በመጀመሪያ ፊልሙን «ኤክስ» በሚባለው፣ ከ17 ዓመት በታች ያሉትን ፈጽሞ በሚያግደውና ለንግድ ከባድ ኪሳራ በሚሆነው ደረጃ መደበው፤ በይግባኝ ከታየ በኋላ ግን ወጣቶች ከአዋቂ ጋር ሊያዩት ወደሚችሉበት «አር» ደረጃ ዝቅ አለ። በይግባኙ ላይ የዕፅ ወንጀልን የሚከታተል የፍሎሪዳ የፖሊስ ኃላፊ ቀርቦ ፊልሙ ለወጣቶች ማስጠንቀቂያ እንደሚሆን መመስከሩ፣ ያው አንድ ሥራ ለአንዱ ባለሥልጣን አደጋ፣ ለሌላው ደግሞ ትምህርት ሆኖ እንደታየ ያሳያል። ተመልካቾች አዘውትረው የሚጠቅሱት፣ በመታጠቢያ ክፍል በሞተር መጋዝ የሚፈጸመው ግድያም ስለ ተመልካች ትዝታ አንድ ነገር ይናገራል፤ ካሜራው በወሳኙ ጊዜ በመስኮት ወጥቶ ጎዳናውን ስለሚያሳይ አብዛኛው ድርጊት ከዓይን ውጪ የሚከናወን ሲሆን፣ ቀሪውን የሚሞላው የሰሚው ምናብ ነው።

በማያሚ የነበረው ቁጣ ግን ከጥበብ ጋር ግንኙነት አልነበረውም። የማሪየል ስደተኞች ሲመጡ የፊደል ካስትሮ መንግሥት ከእስር ቤት ያወጣቸውን ሰዎች አብሮ መላኩ እውነት ቢሆንም፣ በከባድ ወንጀል የተፈረደባቸው ከጠቅላላው አንጻር በጣም ጥቂት ነበሩ፤ የኩባ ተወላጆቹ ማኅበረሰብ መሪዎችም ፊልሙ ጥቂቶችን አጉልቶ ሠርተው የሚያድሩትን ብዙኃን ያሰድባል ብለው ተቃወሙ። በዚህ ምክንያት አብዛኛው ቀረጻ ወደ ሎስ አንጀለስ የተዛወረ ሲሆን፣ በፊልሙ ማብቂያም ገጸ ባሕርያቱ የኩባ ተወላጆችን በጠቅላላ እንደማይወክሉ የሚገልጽ ጽሑፍ ተጨመረ። ዋናውን የኩባ ሰው የተጫወተው ፓቺኖ ጣሊያን አሜሪካዊ ሆኖ፣ ከዋና ዋናዎቹ ተዋንያን በኩባ የተወለደው ጓደኛውን ማኒን የተጫወተው ስቲቨን ባወር ብቻ መሆኑም ለዚህ ቅሬታ ተጨማሪ ምክንያት ሰጥቷል።

ፊልሙ በአሜሪካ ሲኒማ ቤቶች ወደ 45 ሚሊዮን ዶላር ቢያስገባም፣ ዝናው የተገነባው በኋላ፣ በቪዲዮ ካሴት አማካይነት ነው። ካሴት ተመልካቹን ከሲኒማ ቤቱ ሥርዓት ነፃ አወጣው፤ የወደደውን ትዕይንት መልሶ የሚያይ፣ ንግግሩን በቃሉ የሚይዝ፣ ከፈለገም ቶኒ ሳይወድቅ ማሽኑን የሚያጠፋ ባለቤት አደረገው። በተለይ የሂፕ ሆፕ ሙዚቀኞችና በድሃ የከተማ ሰፈሮች ያደጉ ወጣቶች ምንም ሳይዝ መጥቶ ማንንም ሳይለማመጥ የሚወጣውን ሰው የራሳቸው አድርገው ተቀበሉት፤ የሂውስተኑ ራፐር ብራድ ጆርዳን «ስካርፌስ» የሚለውን ስም ለመድረክ መጠሪያነት ወስዶታል። ፊልሙ በ2003 ለሃያኛ ዓመቱ ዳግም ለዕይታ ሲቀርብ ስቱዲዮው በፊልሙ ውስጥ ያለውን የጆርጂዮ ሞሮደርን ሙዚቃ በራፕ ለመተካት ሐሳብ ማቅረቡና ዴ ፓልማ እምቢ ማለቱ፣ ፊልሙ ይበልጥ የማን እንደሆነ፣ የሠሪው ወይስ የተመልካቹ፣ የተደረገ ክርክር ነበር።

ይህ ፍቅር ከመድረክ ስም አልፎ የሄደባቸው ቦታዎችም አሉ። በጣሊያን ካዛል ዲ ፕሪንቺፔ የካሞራ፣ ማለትም የኔፕልስ አካባቢ የወንጀል ድርጅት፣ አለቃ የነበረ ሰው ቤቱን በቶኒ ሞንታና ቤት አምሳል ማሠራቱን ጸሐፊው ሮቤርቶ ሳቪያኖ በ2006 ባሳተመው «ጎሞራ» በተባለው መጽሐፉ ላይ ተርኮታል፤ በ2008 በዚሁ ርእስ የወጣው የማቴዮ ጋሮኔ ፊልምም ቶኒ ሞንታናን እየመሰሉ የሚኖሩ ሁለት ወጣቶችን አሳይቷል። እነዚህ ሰዎች ቶኒ እንደሚሞት አላዩም ማለት አይቻልም፤ ያዩት ፍጻሜ ግን እርሱን አርአያ ከማድረግ አላገዳቸውም።

እንዲህ ዓይነቱ ተመልካች ቅጣቱን የሚያልፈው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው በፊልሙ አሠራር የሚመቻች ሲሆን፣ የቶኒ አወጣጥ በሙዚቃ ታጅቦ፣ በፍጥነትና በቀለም ሲቀርብ፣ ካገኘ በኋላ የሚደርስበት መሰልቸትና ብቸኝነት ግን ዝግ ብሎ ስለሚቀርብ፣ ትዝታ የሚይዘው የመጀመሪያውን ነው። ሁለተኛው ተመልካቹ ራሱ የሚፈጥረው ምክንያት ነው፤ በታሪኩ ውስጥ ቶኒ የሌላውን ስግብግብነት እንዳይንቅና ከሚሸጠው ዕፅ እንዳይወስድ ይመከራል፤ ሁለተኛውን ምክር በመጣሱ መውደቁን ያስተዋለ አድናቂ፣ ጥፋቱ በመንገዱ ሳይሆን በአካሄዱ ነበር ብሎ ይደመድማል። ቶኒ ሚስትና ልጆች ያሉበትን መኪና ለማፈንዳት እምቢ በማለቱ ምክንያት ለሞት መዳረጉም ይህን ክርክር ያጠናክረዋል፤ ተመልካቹ የተገደለው በክፋቱ ሳይሆን በቀረችው ርኅራኄ ነው ሊል ይችላልና።

ከዚህ አንጻር ሲታይ፣ የፊልሙ እውነተኛ ተቃውሞ የሚገኘው ከመጨረሻው የተኩስ ትዕይንት ይልቅ አድናቂዎች እምብዛም በማያነሡት፣ ቶኒ እናቱን በሚጎበኝበት አጭር ትዕይንት ላይ ነው። እናቱ በፋብሪካ ሠርታ የምትኖር ሴት ናት፤ ያመጣላትን ገንዘብ መልሳ፣ እንደ እርሱ ያሉ ሰዎች ሠርቶ አዳሪውን የኩባ ሕዝብ ስም እንደሚያጠፉ ነግራ ከቤቷ ታባርረዋለች። የማያሚ ማኅበረሰብ በፊልሙ ላይ ያሰማው ክስ በፊልሙ ውስጥ በእርሷ አፍ ተነግሯል ማለት ነው፤ ከዚህም በላይ እናትየው የምትፈርደው ልጇ በወደቀበት ሳይሆን ገና በሚበለጽግበት ጊዜ በመሆኑ፣ ፍርዷ እንደ አካሄድ ስሕተት ሊታለፍ አይችልም። በ2008 የአሜሪካ ፊልም ኢንስቲትዩት ባወጣው የአሥር ምርጥ የወሮበላ ፊልሞች ዝርዝር ውስጥ የ1932ቱ ሥራ ስድስተኛ፣ የ1983ቱ ደግሞ አሥረኛ ሆነው መግባታቸው የጥበብ ክርክሩን በከፊል ዘግቶታል፤ የሥነ ምግባሩ ክርክር ግን ክፍት ነው፤ ሊዘጋው የሚችልም ተጨማሪ ቅጣት በመጨረሻው ጥቅልል ላይ መቀጠል ሳይሆን፣ ተመልካቹ ወሮበላው ገና እየበለጸገ ሳለ ገንዘቡን እምቢ ያለችውን ሴት ቃል ከጥይቱ ድምፅ እኩል እንዲሰማ የሚያስችል የማየት ልምድ ነው።