የቤተ ሰብ የባቡር ጉዞና የሒሳቡ አያያዝ

ቤተ ሰቡን ይዞ በባቡር ውሎ ለመመለስ የሚያስብ ሰው፥ ዝቅተኛውን የቲኬት ዋጋ የመንገዱ ሁሉ ዋጋ አድርጎ ከያዘ ሒሳቡ ይሳሳትበታል።

የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር የሰሜን ደቡብ መሥመር በመስከረም 2008 ዓ. ም. ሥራ ሲጀምር፥ ከምኒልክ አደባባይ እስከ ቃሊቲ 17 ኪሎ ሜትር ያህል ይሸፍን ነበር። ታሪፉም እንደ ርቀቱ 2፥ 4 እና 6 ብር ነበር። እንግዲህ 2 ብር የአጭሩ መንገድ ዋጋ እንጂ የመላው መሥመር አልነበረም።

በዚያ ታሪፍ አራት ከፋዮች ያሉበት ቤተ ሰብ ከቃሊቲ ወደ ፒያሳ ለገበያ ቢመጣ፥ ለመምጫ 24 ብር፥ ለመመለሻም 24 ብር፥ በድምሩ 48 ብር ያወጣል። በ2 ብር ያሰላ አባወራ ግን የሚይዘው 16 ብር ብቻ ነው። የጐደለው 32 ብር ለዕቃ መግዣ ከታሰበው ገንዘብ ይነሣል፤ ጉዳቱም ለባለሱቁ ይተርፋል።

አስመጪ የማጓጓዣውን ኪራይ ከዕቃው ዋጋ ጋራ ደምሮ እንደሚያሰላ ሁሉ፥ ገበያተኛም የደርሶ መልሱን ወጪ አስቀድሞ መደመር ይገባዋል። ታሪፍ በየጊዜው ሊሻሻል ስለሚችል፥ የዕለቱን ዋጋ ከጣቢያው ጠይቆ በከፋዮቹ ቍጥር ማባዛት፥ ድምሩንም ለመመለሻው ማጠፍ ነው። ይህን ለደንበኞቹ የሚያስረዳ ነጋዴ የራሱንም ገበያ ይጠብቃል።