ሃያ አራት ሰዓት ለማን?

ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. በምሥራቅ ጎጃም፣ ሞጣ ላይ መስጊዶች ተቃጠሉ፤ የሙስሊሞች ሱቆችም ጥቃት ደረሰባቸው። ቀደም ሲል በከተማዋ የተሰማው፣ ቤተ ክርስቲያን ላይ እሳት ተነሣ የሚል ወሬ ነበር። እንዲህ ያለ ወሬ በዚያው ዞን ከየጁቤ ቢቸና ለመድረስ የገበያ ቀን አይጠብቅም፤ ስልክ ይበቃዋል።

በዚያው ዓመት የወጣው የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ አዋጅ ቁጥር 1185/2012፣ የማኅበራዊ ሚዲያ ኩባንያዎች ጥቆማ በደረሳቸው በ24 ሰዓት ውስጥ ጽሑፉን ለማንሣት እንዲጥሩ ይጠይቃል። በአውሮፓ ኅብረት ሕግ ያው 24 ሰዓት የተሰጠው ለሌላኛው ወገን ነው። ከነሐሴ 2017 ጀምሮ ግዙፎቹ ኩባንያዎች ሚዲያ ነኝ ብሎ ያስመዘገበን ተቋም ጽሑፍ ከማንሣታቸው በፊት ምክንያቱን ነግረው መልሱን መጠበቅ አለባቸው። ልዩ ሁኔታዎች አሉት፤ በቀውስ ጊዜም ሰዓቱ ሊያጥር ይችላል።

ይህ ቀድሞ የመጠየቅ መብት ያለ ምክንያት አልመጣም። ኩባንያዎቹ ጽሑፍ የሚለዩበት የማጣሪያ ማሽን ሰዎች «ይህ ጥላቻ ነው፣ ይህ አይደለም» ብለው ከለዩለት ናሙና ተምሮ፣ ለአዲስ ጽሑፍ የአደጋ ነጥብ ይሰጣል። የአማርኛ ናሙና ከእንግሊዝኛው አንጻር ጥቂት ነው፤ አንዱን ቃል በ«ሀ»ም በ«ሐ»ም መጻፋችን ደግሞ ነገሩን ያከብድበታል። ስለ ግድያ የሚዘግብ ዜናና ግድያ የሚቀሰቅስ ጽሑፍ ተቀራራቢ ነጥብ ቢያገኙ አይገርምም።

ሰው ቢጨመርስ? በ2014 ዓ.ም. የትግራይ ክልል ኮሙኒኬሽን ጉዳዮች ቢሮ በፌስቡክ ገጹ፣ ወታደሮች አፈሙዛቸውን ወደ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ወገን እንዲያዞሩ በአማርኛ ጠራ። ማሽኑ ጠቆመ፤ ሁለት አማርኛ አዋቂ ገምጋሚዎች ግን አሳለፉት። ከሁለት ቀን በኋላ ሲነሣ ከ300,000 ጊዜ በላይ ታይቶ ነበር። የሜታ ተቆጣጣሪ ቦርድ መነሣቱን አጸደቀ። በአንጻሩ ሐምሌ 2013 ስለ ራያ ቆቦ የተጻፈ፣ ያልተጣራ የግፍ ክስ የያዘ የአንድ ግለሰብ ጽሑፍ አንድ ቀን ያህል ቆይቶ ተነሣ፤ የታየው 5,000 ጊዜ ገደማ ነው።

ስምና ማኅተም ያለው ገጽ ሲሳሳት ጉዳቱ ይሰፋል፤ መብቱን ግን የሚያገኘው ስም ያለው ነው። በዚህ ረገድ የእኛ አዋጅ፣ ሌላ ብዙ ቢወቀስም፣ አንድ ነገር ልብ ብሏል፦ ከ5,000 በላይ ተከታይ ያለውን ገጽ በቅጣት ከብሮድካስትና ከጋዜጣ እኩል ያየዋል። መመዘኛው ስንት ሰው ዘንድ ይደርሳል የሚለው ነው።

እኔ ብሆን ጽሑፉን ሳላጠፋ፣ እስኪጣራ ስርጭቱን ብቻ እገታ ነበር። የአውሮፓው ሕግ ግን ታይታን መቀነስንም እንደ ገደብ ይቆጥረዋል፤ እሱም መልስ ይጠበቅበታል።