ልጃችን ኦርጋን መማር ቢፈልግስ?

ኦርጋን ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው በአገራችን ዘማሪዎች የሚጫወቱበትን፣ በኤሌክትሪክ የሚሠራውን ኪቦርድ ነው። በስደት አገር በአንዳንድ አብያተ ክርስቲያናት የምናየው ትልቁ ኦርጋን ግን ባለ ብዙ ቧንቧ መሣሪያ ነው። ልጅዋ ይህን መማር የሚፈልግባት እናት፣ እኔ ኖታ አላውቅ፣ መሣሪያው ቤቴ አይገባ ብላ ተስፋ ልትቆርጥ ትችላለች። ነገር ግን ለመጀመር ሁለቱም አያስፈልጉም።

በመጀመሪያ አሠራሩን እንይ። ልጁ ቁልፉን ሲጫን ከቧንቧው ሥር ያለው መዝጊያ ይከፈትና ነፋስ ይገባል። ቧንቧውም እንደ ዋሽንት ይጮኻል፤ ሆኖም እያንዳንዱ ቧንቧ የሚሰጠው አንድ ድምፅ ብቻ ነው። ፒያኖ በኃይል ሲመታ ይጮኻል፣ ቀስ በቀስም ድምፁ ይጠፋል። የቧንቧ ኦርጋን ድምፅ ግን ጣት እስኪነሣ ድረስ አይደክምም፤ በኃይል ቢመቱትም አይጨምርም። ስለዚህ ተማሪው ቁልፉን መቼ እንደሚጫን ብቻ ሳይሆን መቼ እንደሚለቅም መማር አለበት።

ብዙ መምህራን ልጁ አስቀድሞ በፒያኖ ጣቶቹን እንዲያሠለጥንና ኖታ ማንበብ እንዲለምድ ይመክራሉ። ታዋቂው የኦርጋን ሊቅ ዮሐን ሰባስቲያን ባኽ እናትና አባቱን በ10 ዓመቱ አጥቶ ያደገው በታላቅ ወንድሙ ቤት ነው፤ ያስተማረውም ኦርጋን ተጫዋች የነበረው ይኸው ወንድሙ ነው። እርሱም በተራው እ.ኤ.አ. በ1720 ለ9 ዓመት ልጁ የመለማመጃ መጽሐፍ ማዘጋጀት ጀመረ። ስለዚህ በብድር ውድ መሣሪያ አትግዙ። ቁልፎቹ እንደ ፒያኖ ቁልፍ ሰፊ የሆኑ ያገለገለ ኪቦርድ ለመነሻ ይበቃል።

ኦርጋን በእግርም ይጫወቱታል። ከወንበሩ ሥር አብዛኛውን ጊዜ 30 ወይም 32 የእግር ቁልፎች አሉ። እግሩ ያልደረሰ ልጅ ከወንበሩ ጫፍ ተንጠልጥሎ ቢታገል ጀርባው ይጎብጣል። እስኪያድግ ድረስ በእጅ ብቻ የሚጫወቱትን ይማር። እግሩ ሲደርስም ሶሉ ስስ የሆነ፣ አነስተኛ ተረከዝ ያለው ንጹሕ ጫማ ያስፈልገዋል።

መሣሪያውን የት ያገኛል? ኦርጋን ያለው ቤተ ክርስቲያን ካለ፣ ከጸሎት በኋላ ኦርጋን ተጫዋቹን በትሕትና ጠይቁ። ልጁ ቀርቦ እንዲያይ፣ ቢቻል ጥቂት ቁልፎች እንዲነካ ይፍቀዱለት። አንዳንድ ቦታ በሳምንት አንድ ቀን መለማመጃ ሰዓት ሊሰጡ ይችላሉ። በኢየሩሳሌም ያላችሁ ደግሞ ፍራንቸስካውያን እ.ኤ.አ. በ1995 የመሠረቱት ማግኒፊካት የሙዚቃ ትምህርት ቤት ኦርጋን ስለሚያስተምር እዚያ መጠየቅ ትችላላችሁ።

የእናት ድርሻ ማስተማር ሳይሆን ማዳመጥ ነው። በሳምንት አንድ ጊዜ ሁለት ሰዓት ከመቀመጥ በየቀኑ 15 ደቂቃ መለማመድ ይሻላል። በአሠሪ ቤት የምታድሩ እናቶች ልጃችሁ የተለማመደውን በስልክ እንዲያሰማችሁ አድርጉ። ኖታ ባታውቁም ዛሬ የቱ እንደከበደው ጠይቁት፤ ያንኑ ቦታ ቀስ ብሎ ሦስት ጊዜ ይድገምላችሁ። እናቱ በየቀኑ እንደምትሰማው የሚያውቅ ልጅ ልምምዱን በቀላሉ አይተውም።